ከላይ ወደ ታች ወይስ ከታች ወደ ላይ?

ቬትናም ቀጭን አገር ናት። ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወገቧ ላይ፣ ኳንግ ቢን በሚባለው አካባቢ ግን፣ ከባሕሩ ተነስቶ ላኦስ ድንበር ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። እንዲህ ያለች አገር ለጉዞ ዕቅድ አታስቸግርም ብሎ ማሰብ የማንኛውም ጤነኛ ሰው መብት ነው። ወይ ከሃኖይ ተነስቶ ወደ ሳይጎን መውረድ ነው፣ ወይ ከሳይጎን ተነስቶ ወደ ሃኖይ መውጣት። ሦስተኛ የለም። ኢንዶኔዥያ ብትሆን ደሴቶቿ ብዙ ሺህ ናቸው፣ ቢጣሉባትም ያምራል። በሁለት ምርጫ ግን ቤተሰብ እንዴት ይጣላል?

ይጣላል።

ተጓዦቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴና ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ። እሷ «ወንድም ጋሼ» ስለምትለው እኔም እንደዚያው ነው የምለው። ምክክሩ በቴሌግራም ነው። ወንድም ጋሼ መጻፍ አይወድም፤ ድምፁን ቀርጾ ነው የሚልከው። የሞተውን፣ የታመመውንና የወለደችውን አዳርሶ ወደ ቬትናም እስኪደርስ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል።

እሱ «ከሳይጎን እንጀምር» ባይ ነው። የዋሽንግተን ብርድ አጥንቱ ድረስ ስለዘለቀ መጀመሪያ መሞቅ አለበት። ባለቤቴ ደግሞ ከሃኖይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ምክንያቷን ጠየቅኋት።

«ከላይ ወደ ታች ቁልቁለት ነዋ!»

«ካርታው ላይ ነው እንጂ ሁለቱም ከተሞች ሜዳ ላይ ናቸው እኮ።»

«ታዲያ እኛ የምናቅደው ምኑ ላይ ነው?»

እንደምታውቁት ጉዞ ማቀድ አልለመደብንም። ለሠርግ ኮሚቴ እናቋቁማለን፤ ለዕድር ቃለ ጉባኤ እንይዛለን። መንገድ ሲሆን ግን ሻንጣ የሚታሰረው በሌሊት ነው። በርበሬና ሽሮው ቀድመው ይገባሉ፤ ፓስፖርቱ ጠዋት ይፈለጋል። አሁን ግን አገሩ ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም ብዙ ነው ብለን እንደ ሠለጠነ ሰው ልናቅድ ተቀመጥን። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

አቅጣጫው ካላስማማን ወሩን እናስቀድም አልኩ። ጥቅምት እኛ ዘንድ ዝናቡ አባርቶ አገሩ የሚያምርበት ነው። መካከለኛው ቬትናም ላይ ግን ዋናው ዝናብ ያኔ ነው። ጎርፉ ሲበረታ ሆይ አን በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ሰው ከቤት ወደ ሱቅ በጀልባ ይሄዳል። ሐምሌ ሃኖይን ያነድዳታል፣ ሳይጎንን ያዘንብባታል። ታኅሣሥ ለደቡቡ መልካም ነው፤ ሰሜኑ ግን ካፖርት ያስለብሳል። ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ቴት የሚሉት አዲስ ዓመታቸው አለ። ያን ጊዜ ልክ ለመስቀል እንደሚገባ ጉራጌ ሁሉም ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚነሳ ባቡሩ ይሞላል፣ ሱቁም ይዘጋል። ቀነስኩ ደመርኩ፣ በመጨረሻ ሰማዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና የሚሆንበትን ጊዜ አገኘሁት፦ ቴት አልፎ እስከ ሚያዝያ። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አበሠርኳት። ዝም ብላ አየችኝና፣

«ሁዳዴ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾም፣ የሚኬደው ደግሞ ፎ አገር! ፎ የሚባለው የሩዝ ፓስታቸው መረቁ የበሬ ወይም የዶሮ አጥንት ሲንተከተክ የሚያድርበት ነው። አትክልት ብቻ ልብላ ቢሉ እንኳ ከዓሣና ከጨው ተብላልቶ የሚሠራው ማጣፈጫ የማይገባበት ድስት ጥቂት ነው። እኔም ሳላርፍ ፈልጌ አገኘሁላት። ብዙ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ጨረቃዋ በምትወለድበትና በምትሞላበት ቀን ሥጋ አይበሉም፤ ለእነሱ ተብሎ «ቻይ» የሚባል፣ ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ የሚሠሩ ቤቶች በየከተማው አሉ። ወንድም ጋሼ ግን «ለመሆኑ ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም?» የሚል ድምፅ ላከ። ይህ ክርክር ከቬትናም ጦርነት የሚረዝም ስለሆነ አልገባበትም።

ባቡሩን ያነሳሁት ለማስታረቅ ነበር። ከሃኖይ እስከ ሳይጎን 1,726 ኪሎ ሜትር ሀዲድ አለ፤ አውሮፕላን በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን ባቡሩ ከሠላሳ ሰዓት በላይ ይጓዝበታል። ከሁዌ እስከ ዳ ናንግ ባለው መንገድ የሃይ ቫን ተራራ ባሕሩ ውስጥ ሊገባ ሲል ባቡሩ ገደሉን ታክኮ ያልፋል። ይህን ያየ ሰው ስለ አቅጣጫ አይከራከርም ብዬ ነበር። ባለቤቴ ጥቂት አሰበችና «ባሕሩ በየት በኩል ነው የሚታየው?» አለች። ወደ ደቡብ ከወረዱ በግራ፣ ወደ ሰሜን ከወጡ በቀኝ። ጠቡ ላይ የወንበር ጉዳይ ተጨመረበት።

እኔ ግን ከባቡሩ ልወርድ አልቻልኩም። መስመሩን የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል እሱም ተቆረጠ። ጦርነቱ በ1975 አብቅቶ፣ ድልድዩ ሁሉ ተጠግኖ፣ በ1976 የመጨረሻ ቀን ባቡሩ እንደገና ከሃኖይ ሳይጎን መሄድ ጀመረ። እስከዚህ ያለው ለተጓዥ ይጠቅማል። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት በሀዲዱ ስፋት ነው። አንድ ሜትር ነው! የእኛስ የጅቡቲ ባቡር? እሱም በፈረንሳዮች የተዘረጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋን ወልዶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ እሱም አንድ ሜትር! ሜትር አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛችንን ለካሁ። ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል። በዚህች ስፋት ላይ ነው ስንቱ የድሬዳዋ ነጋዴ ከነኮንትሮባንዱ ያለፈው። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት።

«የድሬዳዋው ባቡር እኮ ሃኖይ ሀዲድ ላይ ልክክ ይላል!»

«ማን ወሰደው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማንም አልወሰደውም። የእነሱ ጦርነት ቆርጦት ተጠገነ፤ የእኛ አርጅቶ ቆመና እ.ኤ.አ. በ2016 በሌላ ስፋት አዲስ መስመር ተዘረጋለት። ለገሃር ስሟ ቀርቷል፣ ባቡሩ ግን አይመጣባትም። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ መልስ ስፈልግ ነጋ። ለቬትናም ጉዞ ምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ ምንም።

በዚህ መሃል ወንድም ጋሼ «መፍትሔ አገኘሁ» አለ። «ለምን እንጨናነቃለን? ዝም ብለን እንሂድ። መንገዱ ራሱ ይመራናል።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። መንገዱ የሚመራው እሱን ነው! እሱ ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ይዟል። የእኔን ፓስፖርት የያዘ ሰው መንገድ አይመራውም፤ መንገድ ይጠይቀዋል። የመመለሻ ትኬትህን አሳይ፤ የሆቴልህን ወረቀት አምጣ፤ ባንክህ ውስጥ ስንት አለ፤ ማን ጋበዘህ፤ ለመመለስህ ዋስትናው ምንድን ነው። ከፊቴ የተሰለፈው ቁምጣ ለባሽ የት እንደሚያድር እንኳ ሳያውቅ እየሳቀ ሲያልፍ፣ እኔ የየሌሊቱን ማደሪያ አትሜ ይዤ ወንበር ላይ ቆይ እባላለሁ። ከዚያ ያ ቁምጣ ለባሽ «ያለ ዕቅድ መጓዝ ነፍስን ነፃ ያወጣል» ብሎ መጽሐፍ ይጽፋል፣ የእኛም ልጆች እየተቀባበሉ ያነቡታል። ነፍሱን ነፃ ያወጣው ጉዞው አይደለም፣ ፓስፖርቱ ነው! ያለ ዕቅድ መንከራተት የሚያምረው ከነሙሉ ዕቅዱ እንኳ እንደ እኔ ለማይጠረጠር ሰው ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለወንድም ጋሼ በድምፅ ላክሁለት፤ ሰላምታውንም ዘለልኩት።

ለፍርድ ያህል፣ ቬትናም በዚህ አትታማም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ቪዛዋን እስከ 90 ቀን ለሁሉም አገር ዜጋ ከፍታለች፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር፣ ለተደጋጋሚ 50። ወንድም ጋሼም እኔም አንድ ዓይነት ቅጽ ነው የምንሞላው። ይህን ስነግረው እሱም ቀዘቀዘ፣ እኔም አፈርኩ። ቅጹን ከፈትን። «በየት በኩል ትገባለህ? በየት በኩል ትወጣለህ?» ይላል። የቤተሰብ የነበረው ጉዳይ የመንግሥት ሆነ።

እኔ «ሃኖይ» ብዬ ልሞላ ስል ባለቤቴ «ቆይ፣ ቡናቸው የት ነው?» አለች። የቡና አገር ልጅ ሆና ይህን መጠየቋ ተገቢ ነው፤ ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም ብዙ ቡና የሚያመርቱት እነሱ ናቸውና። አብዛኛው ሮቡስታ ነው፣ እኛ አፋችንን የምናጣምምበት። የሚበቅለው ደግሞ ባቡሩ በሚሄድበት በባሕሩ ዳር ሳይሆን ወደ ምዕራብ፣ ቡዎን ማ ቱዎት አካባቢ ባለው ደጋ ነው። ላይና ታች ብቻ የነበረው ካርታ ጎን አበጀ። «ሃኖይም ውስጥ ልዩ ቡና አለ» ብዬ ላረጋጋት ሞከርኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ወተት ጠፍቶ አንድ የሆቴል ሠራተኛ የእንቁላል አስኳል መትቶ ቡና ላይ የጨመረበት።

«እንቁላል? ቡና ላይ?» አማተበች። «ያውም በሁዳዴ!»

አሁን የምንከራከረው የንስሐ አባቷ ስለ ዓሣው ማጣፈጫ ሲጠየቁ እንቁላሉ አብሮ ይነሳ ወይስ ይቅር በሚለው ነው። እኔ ይቅር ባይ ነኝ፤ ሁለት ጥያቄ ባንድ ላይ ከቀረበ ሁለቱንም ይከለክሉናል። ወንድም ጋሼም ደግሞ ሌላ ድምፅ ልኳል። መጀመሪያውን ብቻ ሰማሁት፤ አክስታቸው ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ነው የሚያማቸው፣ ካምቦዲያም ቅርብ ናት ይላል።