የጠመኔ ፈተና፦ ለመምህርነት ቃለ መጠይቅ ስለሚለበስ ልብስ የቀረበ ሐተታ

ለመምህርነት ቃለ መጠይቅ ምን ይለበስ የሚለው ጥያቄ በትምህርት ታሪካችን ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ነው። የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ዛፍ ሥር ሲቀመጡ የሥራ ልምዳቸውን የጠየቀ ኮሚቴ አልነበረም፤ ደበሎ ለባሹ የቆሎ ተማሪም የመምህሩን አለባበስ ለመተቸት ወኔውም ልብሱም አልነበረውም። ነገሩ የተወሳሰበው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን መምህራን ከግብፅ ኮፕቶች አስመጣ። ከዚያ ወዲህ መምህር ተፈልጎ የሚቀጠር ሰው ሆነ፤ የሚቀጠር ሰው ደግሞ ይታያል። ዛሬ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቱን ቀና አድርጎ የቆመ ተመራቂ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድና «ደመወዝ በስምምነት» የሚሉትን ያነባል፤ ስለ ልብስ ግን አንድ ቃል አያገኝም። የዚህ ሐተታ ዓላማ ያን ያልተጻፈ መስፈርት ማብራራት ነው።

መስፈርቱ «ጨዋ ግን ዘናጭ» በሚል ይጠቃለላል። ጨዋነት አትታይ ይላል፤ ዝነጣ ታይ ይላል። አመልካቹ ሁለቱን ለማስታረቅ መስታወት ያማክራል፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ይጀምራል። መስታወት የሚያውቀው ሆዱን ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ የቆመን ሰው ነው፤ መምህር ደግሞ እንዲህ ሆኖ የሚቆየው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ብቻ ነው። እውነተኛው ዳኛ ሰሌዳው ነው። ኮሚቴው ጥያቄውን ሲጨርስ ጠመኔ አቀብሎ «እስቲ አንድ ርዕስ አስተምሩን» ባለ ጊዜ ሁለት እንቅስቃሴዎች ሁሉን ይወስናሉ፦ ቀን ለመጻፍ ወደ ሰሌዳው ጫፍ መንጠራራትና የወደቀ ጠመኔ ለማንሳት ማጎንበስ። የመጀመሪያው ሱሪ ውስጥ የተከተተውን ሸሚዝ ይመዝዛል፤ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ተለክቶ የጸደቀውን ጉርድ ቀሚስ ያሳጥራል። የአገር ልብስስ ቢባል፣ በጨዋነት ነጠላን የሚስተካከል የለም፤ ዳሩ ግን ከትከሻ በተንሸራተተ ቁጥር የሚመልሰው እጅ ይፈልጋል። ቀኝ እጅ ጠመኔ፣ ግራ እጅ መጽሐፍ ይዟል፤ ሦስተኛ እጅ ደግሞ በማስታወቂያው ላይ አልተጠየቀም።

ከቅርጽ ቀጥሎ የቀለም ጉዳይ አለ። ሁሉም የሚስማማበት ጨዋ ቀለም ጥቁር ነው፤ የጠመኔ ዱቄት ግን ጥቁር ላይ ያረፈበትን ሁሉ ይመዘግባል፤ አመልካቹ በጭንቀት እጁን የት የት እንደጠረገ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ያነባል። ነጭ እንዳይለበስ ወቅቱ አይፈቅድም። ለመስከረም መምህር የሚፈለገው ባብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አዲስ አበባም ዝናቧን የምታወርደው በእነዚሁ ወራት ነው፤ ነጭ የለበሰ ሰው ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ታክሲ የረጨው ቡራቡሬ ሆኖ ነው። ስለዚህ ጠመኔን የሚደብቀው አመድማና ጭቃን የሚደብቀው ቡናማ ያሸንፋሉ። ታኮ ጫማ በኮብልስቶን ስንጥቅ ውስጥ የሚገባውን ያህል ርዕስ ውስጥ የገባ አመልካች የለም፤ ብልሆች ጫማቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው በር ላይ ይቀይራሉ። በዚህም ምክንያት የአመልካቹን ሙሉ እውነት የሚያውቀው ዳይሬክተሩ ሳይሆን ሁለቱንም ጫማ ያየው ጥበቃ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው «የሚቀጠረው ዕውቀት እንጂ ልብስ አይደለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከበሩ እስከ ወንበሩ ባለው ርቀት ዕውቀት ድምፅ የለውም፤ በዚያች መንገድ የሚናገረው ልብስ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ኮት የሚዋስ አመልካች አለ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ስለ እጅጌ ርዝመት ባይናገርም በሰሌዳ ፊት ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ክንድ ሲነሳ እጅጌው ወደ ክርን ከሸሸ፣ ኮቱ የማን እንዳልሆነ ታውቋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ «ዞሮ ዞሮ ከተቀጠረ ጋዋን ይለብሳል» ይላል። በእርግጥም ይህ ሁሉ ምርጫ የሚያበቃው አንድ ቁልፉ በጠፋ ነጭ ጋዋን ሥር ነው። ነገር ግን ጋዋን ሁሉን አይሸፍንም፤ ከላይ ኮሌታን፣ ከታች ጫማን ይተዋል። ኮሚቴው እነዚህን የሚያያቸው ለደቂቃዎች ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ ያያቸዋል፤ ቅጽል ስም የሚያወጣውም እሱ ነው። ስለዚህ አመልካቹ በጀቱ ከጠበበ መሐሉን ትቶ ጫፎቹን ያሳምር፤ የተተኮሰ ኮሌታና የተወለወለ ጫማ ይበቁታል። መሐሉን ጋዋን ይወስደዋል።