ችግር በኪራይ

የረጅም ርቀት የባጃጅ ጀብዱ በአገሩ መኪና ያለው ሰው በአውሮፕላን ሞቃታማ ወደ ሆነ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ከሠፈር ሠፈር ለመመላለስ የተሠራች ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ተከራይቶ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በገዛ ፈቃዱ የሚንገላታበት የመዝናኛ ዓይነት ነው። በዚህ ንግድ ዋናው ሸቀጥ እንግልቱ ነው፤ ያለ አንዳች ብልሽት የደረሰ ተሳታፊ ገንዘቡ እንደ ተበላ ይቆጥረዋል። እንግልቱ ከተራው ችግር የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚያበቃበት ቀን በመመለሻው ትኬት ላይ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ተቸጋሪው ስለ ተቸገረ ይከፍላል።

የተሽከርካሪዋ የዘር ሐረግ ከጣሊያን ይመዘዛል። ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መኪና የመግዛት አቅም ላልነበረው ቸርቻሪ የምትሆን ባለሦስት ጎማ ጭነት አመላላሽ ሠርቶ «አፔ» ማለትም ንብ አላት። በ1960ዎቹ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ በፒያጆ ፈቃድ ማምረት ሲጀምር ንቢቱ ሰው መጫን ለመደች። ህንዶች «ኦቶ» ይሏታል፤ በኢትዮጵያ የፋብሪካው ስም የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ። ስትሠራ የተሰጣት ኃላፊነት ቀላል ነበር፦ የሌለው ሰው እንዳለው ሰው በጎማ እንዲሄድ። ያለው ሰው እንደሌለው ሰው እንዲሄድባት የታሰበው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ዓይነት ጉዞዎች ስመ ጥሩ አድቬንቸሪስትስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት በ2006 የጀመረው «ሪክሾ ረን» ነው። ከሚታወቁት መስመሮቹ አንዱ ከኬረላ የባሕር ጠረፍ፣ ከኮቺ ከተማ ተነሥቶ በራጃስታን በረሃ ጃይሳልመር ላይ ያበቃል፤ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሳምንት። ሞተሩ 7 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፤ ቁልቁለት ካልረዳው በቀር በሰዓት 55 ኪሎ ሜትርን እምብዛም አያልፍም። ማርሹ የግራው እጀታ እየተጠመዘዘ ይገባል፤ ይህን ለመልመድ ተሳታፊዎች ከመነሻው በፊት ጥቂት ቀን ኮቺ ላይ ይለማመዳሉ። በእነዚህ ቀኖች ከሁሉ በላይ ጀብደኛ የሚባለው በአካባቢው ያለው እግረኛ ነው። ባጃጇ ደግሞ ቀለም ትቀባለች፤ ነብር ወይም አናናስ ትመስላለች፤ ስምም ይወጣላታል።

ደንቡ አጭር ነው። መነሻና መድረሻ አለ፤ በመካከል የተሰመረ መንገድ የለም፤ ተከታይ መኪና የለም፤ መካኒክ የለም፤ የተበላሸበት እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን። «መካኒክ የለም» የሚለው ሐረግ ማብራሪያ ይሻል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ባጃጅ የማይጠገንበት መንደር ማግኘት ባጃጅ ከመንዳት ይከብዳል። ጎሚስታው ከመንገዱ ዳር፣ ሻይ አፍዪው ከጎሚስታው አጠገብ አለ። ስለዚህ ሐረጉ በትክክል ሲፈታ፣ ድርጅቱ የቀጠረው መካኒክ የለም ማለት ነው። ያልተቀጠሩት እንደ አሸዋ ናቸው።

የተለመደው ብልሽት ወደ ሙናር በሚያወጣው ዳገት ላይ ይደርሳል እንበል። ሙናር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ የሻይ ተክል ኮረብታውን እንደ ምንጣፍ ያለበሰው ቦታ ነው። ባጃጇ በአንደኛ ማርሽ እያሳለች ትወጣለች፤ መታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ታስነጥስና ዝም ትላለች። ሦስት ሰዎች ይወርዳሉ። አንደኛው የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን እንደ ታመመ ዘመድ አተኩሮ ያየዋል። ሁለተኛው የሚያየውን ፎቶ ያነሣል። ሦስተኛው የነብር ልብሱን እያስተካከለ ስልኩ ኔትወርክ እንዳለው ይመለከታል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ካኪ ሸሚዝ የለበሰ ሹፌር የራሱን ኦቶ ተሳፋሪ እንደ ጫነ ያቆማል። ማንንም ሳይጠይቅ ካንዴላውን ይፈታል፤ ጫፉ በዘይት ጠቁሯል። በክብሪት ቀፎ ጎን ፈተግ ፈተግ፣ እፍ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ያደርገውና መልሶ ያስራል። የማስነሻውን ዘንግ አንዴ ይስባል፤ ሞተሩ ይነሣል። የተዘረጋለትን ብር ሳይቀበል፣ ሰዓቱን እያየ ወደሚያጉረመርሙት ተሳፋሪዎቹ ይመለሳል።

ከጉዞው በኋላ በሚጻፈው ትረካ ይህ ክንውን «አስነሣናት» በሚል አንድ ግሥ ይጠቃለላል። የሰዋስው መምህር ባለቤቱ አንደኛ መደብ፣ ብዙ ቁጥር ነው ይላል፤ መምህሩ አልተሳሳተም። ሹፌሩ በትረካው ውስጥ ከገባም «አንድ ፈገግተኛ ያገሬው ሰው» ሆኖ ነው። ባጃጇ ስም አላት፤ እሱ የለውም። ትረካው በአብዛኛው የሚዘጋው ምንም የሌላቸው ሰዎች እንዴት ደስተኞች እንደ ሆኑ በመደነቅ ነው። ሰዎቹ ካንዴላ መፍታት፣ ጊዜ፣ ክብሪትና ጨዋነት እንደ ነበራቸው ግን ተራኪው ራሱ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ መስክሯል።

አደጋም የሸቀጡ አካል ነው። በህንድ መንገዶች ላይ በዓመት ከ150,000 በላይ ሰው ይሞታል፤ ለጀብደኛው ይህ የጉዞውን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ቅመም ሲሆን፣ በዚያው መንገድ ልጁን ትምህርት ቤት ለሚያደርሰው ሰው ግን ቅመምነቱ አይታየውም።

ስለ በጎ አድራጎቱም መነገር አለበት። ቡድኖች ለእርዳታ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ይጠበቃል፤ ገንዘቡ እውነተኛ ነው፣ የደረሰውም ሰው አይቀየምበትም። ያው ገንዘብ ያለ አናናስ ቢሰጥ ምን ይጎድለው ነበር የሚለው ጥያቄ ግን በዘርፉ እንደ ነውር ይታያል።

ተሽከርካሪዋን በሙያ የሚነዳው ሰው ሌላ ምዕራፍ ነው። በኬረላ ካኪ እንዲለብስ ይገደዳል፤ የሥራ ፈቃዱ የት ድረስ እንደሚሄድ ይወስንበታል፤ ከዚያ አልፎ ተሳፋሪ ሲጭን ቢገኝ ይቀጣል። የሐዋሳም ሆነ የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ከተመደበለት መስመር ሲወጣ የሚያስቆመው ትራፊክ ፖሊስ ጀብደኛ ብሎት አያውቅም። በደቡብ ህንድ ይህ ሰው በዓመት አንድ ቀን፣ የሥራ መሣሪያ በሚመለክበት በአዩዳ ፑጃ በዓል፣ ኦቶውን አጥቦ የአበባ ጉንጉን ያስርላታል፤ ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር አንዳንድ ሎሚ አስቀምጦ ይነዳና ያፈርጣቸዋል። እንጀራው ናትና ክፉ ዓይን እንዳያገኛት ነው። አናናስ አድርጎ ቀብቷት አያውቅም፤ ምናልባት የጀብዱ ስሜት ያንሰው ይሆናል።

በተሽከርካሪዋ ታሪክ ትልቁ የረጅም ርቀት ጉዞ የተካሄደው በ2020 ሳይሆን አይቀርም። መጋቢት 25 ቀን የህንድ መንግሥት በኮሮና ምክንያት አገሩን ሲዘጋ፣ የሙምባይ የኦቶ ሹፌሮች ገቢ በአንድ ሌሊት ቆመ፤ ኪራዩና ሆዱ ግን አልቆሙም። ግንቦት ላይ ሹፌሮቹ ሚስትና ልጅ፣ ምድጃና ፍራሽ እየጫኑ ወደ ኡታር ፕራዴሽ፣ ወደ ቢሃርና ወደ ጃርካንድ መንገድ ጀመሩ። ጥቁርና ቢጫ ኦቶዎች በዋናው አውራ ጎዳና ላይ በሺህ ተቆጠሩ። ብዙዎቹ በዚያ ሙቀት ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል፤ ያደሩትም መንገድ ዳር ነው። ተከታይ መኪናም ሆነ የተሰመረ መንገድ አልነበራቸውም፤ ደንቡን ሳያነቡ ደንቡን በሙሉ አክብረዋል። በመድረሻቸው ሙዚቃና ቢራ አልጠበቃቸውም፤ የጠበቃቸው የሙቀት መለኪያ ነው፣ ብዙዎቹንም ለይቶ ማቆያ።

ይህ ጉዞ ግን በጀብዱ መዝገብ አልሰፈረም። ከሹፌሮቹ አንዳቸውም የመመዝገቢያ ክፍያ አልከፈሉም።