ሞዐ ጭቃ፤ ኸሪፍ ለባሱንዳ ሕዝብ ያወጣው አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዐ ጭቃ ዘእምነገደ ደመና፣ ሥዩመ ሰማይ፣ የዋልካ አፈር ሁሉ ባለርስት፤ ሽንፋና ጓንግ ድንበር ሲሻገሩ ራሃድና አትባራ ተብለው ስም ቢቀይሩም የማይጠፉብን፤ ወዲህ ማዶ ኸሪፍ፣ ወዲያ ማዶ ክረምት የምትሉን እኛ፤ በሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ ላለው ለባሱንዳ መሐልያ (ወረዳ በሉት) ገበሬ፣ ለነጋዴው፣ ለትራክተር ነጂው፣ ከጎንደርና ከቋራ ለአረም ለወረድከው ወዛደር፣ ለጀበና ሻጯ፣ እንዲሁም በበጋ ብቻ ለምትታየው ሹም፦ እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደኅና ነን። ሰኔ ሲብት እንመጣለን ብለን ነበር፤ ይኸው መጥተናል። በዚህ አገር እመጣለሁ ባለበት ቀን የሚመጣ ሌላ አስተዳደር ካለ እጁን ያውጣ።

በየመሐልያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚባል ሹም እንዳለ እናውቃለን። ሹሙ ጽሕፈት ቤት አለው፣ ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አለው፣ ማኅተሙም ቀለም የሚያልቅበት ወር አለው። እኛ ማኅተም የለንም። ቢሆንም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሱንዳን ማን እንደሚያስተዳድር ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቀዋል። መንገድ የምንዘጋ እኛ፣ ገበያ የምንበትን እኛ፣ ሠርግ የምናስተላልፍ እኛ፣ የበሬውን ጠላት ዝንብ አስነሥተን ዘላኑን ከነከብቱ ወደ ቡታና ሜዳ የምንሸኝ እኛ። ምርጫ ተወዳድረን አናውቅም፤ በዚህ እንኳ እኛን የሚከስ ጎረቤት አይገኝም።

ትርጓሜ። በዚህ አዋጅ ውስጥ «መንገድ» ማለት ከኅዳር እስከ ግንቦት በመሬት ላይ፣ ከዚያ ወዲያ በሪፖርት ላይ የሚገኝ ነገር ነው። «በቅርቡ» ማለት በጋ ሲሆን፣ የትኛው በጋ ተብሎ አይጠየቅም። «ባለድርሻ አካል» ማለት መኪናው ሲሰጥም ወርዶ የሚገፋው ነው፤ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ የሚያወራው «አመራር» ይባላል። «አምቡላንስ» ማለት ትራክተር ነው።

ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል ጋላባት የሚወርደውን አስፋልት ለሰው ልጅ ትተንለታል። ከአስፋልቱ የወረደ ግን የእኛ ገባር ነው። አንድ ነሐሴ ላይ ምጥ የያዛት ሴት በትራክተር ተሳቢ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ስታልፍ ቆመን አየን። ፊት ፊት አንድ ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጭቃውን በዱላ እየወጋ ይሄዳል። ዱላው ከግማሽ በላይ ሲሰርግ እጁን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ትራክተሩ ዞሮ ሌላ መሻገሪያ ይፈልጋል። አማቷ ሁለት ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ ይዛላታለች፤ ውኃው በተሰበረው በኩል እየተንቆረቆረ የገዛ አንገቷ ላይ ይወርዳል፤ ጃንጥላውን ግን ወደ ራሷ አላዞረችውም። ነጂው መሪውን ሳይለቅ ዘወር ብሎ፣ «ሐጃ፣ ትንሽ ትታገሥልን» አለ።

«እሷስ ትታገሣለች» አለች አሮጊቷ። «ልጁን ነው እንጂ!»

ልጁ አልታገሠም፤ ተሳቢው ላይ ተወለደ። ስሙን ኸሪፍ ይሉታል ብለን ጠበቅን። አላሉትም። ቅር ብሎናል፤ ይመዝገብልን።

ዱላ የያዘው ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የመሐልያው የመንገዶች መሐንዲስ ሆኖ ተሹሟል። ደመወዙ እንደ ሌሎቹ መሐንዲሶች በበጋ ይከፈለዋል።

አሁን ወደ ቂማችን እንግባ። የዘካው ሕግ የታወቀ ነው። ሰው በራሱ ድካም፣ በቦይና በሞተር አጠጥቶ ካበቀለው እህል 5 ከመቶ ያወጣል፤ ሰማይ በነጻ ካጠጣለት 10 ከመቶ። የሱዳን የዘካ ዲዋንም በዚሁ ይሰበስባል። ድካሙ ለቀለለት ድርሻው ይክበድ ማለት ነው፤ ፍርዱ ደግ ነው፣ አልተቃወምንም። ግን እስኪ ቁጭ ብለን እናስላው። መቶ ጆንያ ማሽላ ያገባ የባሱንዳ ገበሬ ራሱ አጠጥቶ ቢሆን 5 ጆንያ ይሰጥ ነበር። እኛ ስላጠጣንለት 10 ሰጠ። በመካከሉ ያለችው 5 ጆንያ የማን ላብ ናት? ከሕንድ ውቅያኖስና ከኮንጎ ጫካ ድረስ ውኃ ተሸክመን የመጣን እኛ አይደለንም? ለድኻ ነው የዋለው ከተባልን እንኳ እንመርቃለን። ደረሰኝ ግን አንድ ቀን ይቆረጥልናል ብለን ስንጠብቅ ሸበትን፤ ደመና ሲሸብት ምን እንደሚመስል ቀና ብላችሁ እዩ።

እንዲያውም ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች ለምሥራቅ አፍሪካ ጦራቸው ቀለብ ብለው ገዳምባሊያ ሜዳ ላይ ትራክተር ሲያሰማሩ ለማሽኑ ናፍጣ፣ ለነጂው ደመወዝ፣ ለሹሙ አበል በበጀት ያዙ። ለዝናቡ የተያዘ ሳንቲም አልነበረም። ያን ጊዜ የተጀመረው በዝናብ የሚታረስ የመኪና እርሻ ይኸው እስከ ድንበሩ ድረስ ጫካውን መንጥሮ መጣ፤ ጫካ ስንቀርብለት ኑ ኑ የሚል ወዳጃችን ነበር። ሲያጡን «ኸሪፍ ከዳን» ይላሉ። ማን ማንን እንደከዳ የግራር ጉቶ ይመስክር።

ስለ ጤና። የዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ የመንግሥታችን ምድር ቤት ነው። እዚያ የምትውለው የአሸዋ ዝንብ ማታ ማታ እየወጣች፣ ግራርና ኩድኩዳ ሥር የተኛውን ወዛደር ትጎበኛለች። ደገኛው እሷ ለምታስይዘው በሽታ እንግዳ ነው፤ ትኩሳቱን ወባ ነው ብሎ ክኒን ሲውጥ ሲውጥ ሆዱ በጣፊያ ተነፍቶ፣ ክንዱ ከስቶ ካላዛር ነው ይባላል። ከዚያም 17 ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ። ለሦስት ሳምንት አረም የመጣ ሰው የሦስት ሳምንቱን ደመወዝ አብዛኛውን በጀርባው ተኝቶ ያሳልፈዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ቀልድ የለንም፤ ስንጥቁን ከመሙላት በቀር የምናውቀው ሕክምናም የለም። አጎበር የያዘ ይምጣ፤ ያልያዘ ከያዘው ጋር ይዳበል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ ገዳሪፍ ላይ ኮሌራ መግባቱ ታወጀ። አዋጅ ማውጣት የእኛ ብቻ ሥልጣን መስሎን ነበር። ውኃውን እናመጣለን፤ ማፍላት ግን የእናንተ ድርሻ ነው፤ መጸዳጃ መቆፈርም እንደዚሁ። ዋልካ ላይ ጉድጓድ እንደሚደረመስ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም።

ስለ ዲጂታል አገልግሎት። ገንዘብ ባንካክ በሚባል የስልክ መተግበሪያ ይላካል መባሉን በደስታ ተቀብለናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአገሩ ስልክ በሙሉ ድርግም ሲል ግን «ዝናቡ ነው» ያለ ሰው ነበር። በየካቲት! እኛ በየካቲት የት እንዳለን ልጅ ይጠየቅ። በታኅሣሥ 2024 የ500 እና የ1,000 ፓውንዱ ኖት ሲቀየርም እንደዚያው በቦታው አልነበርንም፤ ትራሱ ውስጥ የሰፋውን ደመወዝ ፈትቶ ሰልፍ የተሰለፈው ሰው እኛን አይርገም። የእኛ ጥፋት ኖቱን ማርጠብ ብቻ ነው። የረጠበ ኖት ደግሞ ይደርቃል።

ስለ ድንበር። ይህ አንቀጽ ባይጻፍ እንመርጥ ነበር። ሰዎች ግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ፤ በማግስቱ ዓመት ሜጀር ግዊን የሚባል እንግሊዝ መጥቶ መስመሩን አሰመረ። ከዚያ ወዲህ በየበጋው መስመሩ የት ነው የሚል ክርክር ይነሣል፤ በየኸሪፉ ደግሞ መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ ማሽላ ይበቅላል። ከዚያም በፊት ቢሆን መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ዋልካው ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ እኛ አልነበርንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከኢትዮጵያ ስደተኛው ሲጎርፍ አልነበርንም። ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈትም አልነበርንም። የበጋ ሥራ መሆኑ ይሰመርበት።

እኛ ባለንበትስ? ሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ላይ ሱዳን የጋላባትን መተላለፊያ ዘጋች፤ ሐምሌ ላይ መልሳ ከፈተችው። ይህ በሥልጣናችን ጣልቃ መግባት ነው። በሰኔ የመዝጋት መብት የኸሪፍ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ አስመሳይ ነው! ሰኔ 2024 ማለቂያ ላይ ደግሞ የሲናሯ ከተማ ሲንጃ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከሲናር ክፍለ አገር ተፈናቅሎ ብዙው ፊቱን ወደ ገዳሪፍ አዞረ። ሥራ በጀመርንበት ወር። መንገዱ ላይ ነበርን፤ ደግሞም ዘነብን። መዝነብ እንጂ ማቆም አልተሰጠንም። ጫማ በእጅ፣ ልጅ በጫንቃ፣ ፍራሽ በራስ ላይ ሆኖ ሲያልፉ ዱካቸው ወዲያው ውኃ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከምዕራብ ጎንደር ተሻግረው በዚሁ በባሱንዳ መሐልያ ጣያና ባሲንጋ መንደሮች ላይ ያረፉት ሰዎችም ዱካቸው እንደዚያው ውኃ ሞላ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በተቃራኒው በመተማ በኩል ወደ ኩመርና አውላላ ካምፖች ያለፉት ሱዳኖች አሉ። የመጣውንና የሄደውን በዱካው ለይታችሁ ቁጠሩ ብንባል አንችልም። ቆጠራው የበጋው ሹም ሥራ ነው።

ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራ። ዘንድሮም እንደ አምናው በአረምና በአጨዳ ሰፊ የሥራ ዕድል ፈጥረናል። የጎደለን ሠራተኛው ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲል ካልታጨደ አፉን ከፍቶ ዘሩን ለመሬት ያድለዋል። ታጭዶ ሂላ (ቆሞ የሚደርቅ ነዶ) ሆኖ ሲቆምም ሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ፣ ሸራ ላይ ተገልብጦ እስኪራገፍ ድረስ የባለቤቱ እንቅልፍ የለም። ለዚህ ሁሉ እጅ ይፈለጋል፤ እጁ ያለው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። አንድ ማታ ገበያው ዳር፣ ሸራዋ በሦስት ቦታ የሚያፈስባት የጀበና ሻጭ ዘንድ ተጠልለን (እኛ ነን የምናፈሰው፤ ቢሆንም ተጠልለን) የሚከተለውን ሰማን፦

«እታለም፣ ይቺን በዱቤ አድርጊልኝ። ሰሊጡ ሲታጨድ እከፍላለሁ።»

«አምናም ድንበሩ ሲከፈት ብለኸኝ ነበር።»

«ተከፈተ እኮ።»

«ተዘጋም እኮ።»

ዝንጅብሉን ጨምራ ቀዳችለት። ደብተሯን አላወጣችም፤ ደብተሯ ረጥቦ ገጹ ተጣብቋል። የማን ዕዳ ከማን ዕዳ ጋር እንደተጣበቀ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የመሐልያው የገንዘብና ኢኮኖሚ ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ ለዚህች ሴት ተሰጥቷል። ጀበና በአማርኛም በሱዳን ዐረብኛም ጀበና ስለሆነ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ቅጣት። የመሠረት ድንጋይ በእኛ የሥራ ዘመን ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ድንጋዩ ይሰጥማል። ባለፉት በጋዎች የተቀመጡት የት እንደደረሱ የሚጠይቅ ካለ ከጉልበቱ በታች ይዳብስ። ሪባን የሚቆርጥ ሹም ሪባኑን ከቆረጠ በኋላ በዚያው መንገድ በሐምሌ አንድ ጊዜ ይመላለስ ዘንድ ይገደዳል። መኪናው ሲሰጥም ወርዶ ይግፋ።

ይህ አዋጅ የመጀመሪያው ነጠብጣብ የሹሙ ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮ ላይ ከወደቀበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ቃሉን የያዘው ወረቀት ቢበሰብስም ድንጋጌው አይበሰብስም። ማኅተም ስለሌለን በትራክተር የኋላ ጎማ አትመነዋል።

ግልባጭ፦ ለዘካ ዲዋን፣ ስለ 5ቱ ጆንያ። ለመተማም ለጋላባትም ኬላ፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ጅረት ስትሞላ ሁለታችሁም አንድ ድልድይ ላይ ስለምትቆሙ አንድ ቅጂ ይበቃችኋል። ለአማቲቱ፣ ሁለት የጃንጥላ ዘንግ እንዲገዛላት። በተሳቢ ላይ ለተወለደው ልጅ፣ ማንበብ ሲችል።

እንዲያውቁት።