መጨረሻ አድርጉኝ

ቨርጂኒያ ውስጥ ሴቨን ኮርነርስ ላይ መኪና የጠፋበት ሰው በእግሩ መፈለግ የለበትም። ሩት 7፣ ሩት 50 እና ዊልሰን ቡሌቫርድ የሚተረማመሱበት ቦታ ነው፤ መንገዱ ሲሠራ እግረኛ የሚባል ፍጡር ትዝ ያለው የለም። እኔና ጎረቤቴ ጋሼ ግን ጎህ ሳይቀድ፣ እሳቸው ጋቢ ለብሰው እኔ በሸበጥ፣ ካምሪ ፍለጋ ወጣን። ጋሼ ኡበር ይሠራሉ። ማታ ያቆሙበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል።

የቬትናሞቹ ገበያ፣ ኤደን ሴንተር፣ ድረስ ወርደን አጣናት። ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ሴትዮዋ ታርጋውን መትታ፣ «አልተሰረቀችም፤ አበዳሪው ነው የወሰዳት» አለችኝ። ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ከኔ ሌላ ባለቤት አላት እንዴ?»

ባለቤት እንኳ ባይሆን ባለመያዣ አላት። ትራንስሚሽኑ ሲበላሽ የወር ክፍያው ለመካኒክ ሄዶ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ክፍያ የተቋረጠበት አበዳሪ፣ ጠብ ሳያነሣ መውሰድ ከቻለ፣ ፍርድ ቤት አያስፈልገውም። ሸጧት ዕዳው ካልተሸፈነ ደግሞ ቀሪውን ይጠይቃል። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ዕዳው ይቀራል።

ጋሼ የሚያውቁት መያዣ ወለድ አገድ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ያውቀዋል። አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ይበላል፤ ዋናው ሲመለስለት ይለቃል። «እሱ እንኳ በቀን መጥቶ፣ እንዴት አደራችሁ ብሎ ነው የሚያርሰው!» አሉ።

መያዣ እንቅልፍ የሚሰጠው ለአበዳሪው ነው። ተበዳሪውን የሚያስተኛው ሲንኪንግ ፈንድ የሚሉት ነው፦ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ከገቢ እየቆነጠሩ ለብቻ ማኖር። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት እ.ኤ.አ. በ1786 ለመንግሥት ዕዳ በዓመት 1 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲቀመጥ አስወስኖ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ግን በወለድ እየተበደሩ ፈንዱን መሙላት ጀመሩና ነገሩ ቀልድ ሆነ።

አገራችን ኢትዮጵያም ከዕዳ ጣጣ አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በ6.625 በመቶ ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ሸጠች። መያዣ አልነበረውም፤ ዋናው በ10ኛው ዓመት ባንድ ጊዜ የሚከፈል ነበር። ገና አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በታኅሣሥ 2023፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። አገር በካሮ አይጎተትም እንጂ ስሟ ይጎተታል።

ካምሪዋን ጎረቤት ተሰብስበን አዋጥተን አስለቀቅናት። ጋሼም ዕቁባችን ገቡ። ዕቁብ ብድርም ቁጠባም ነው፦ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ተበዳሪ ስለሆነ ዋስ ይጠራል፤ መጨረሻ የሚደርሰው በሰው እጅ ያጠራቅማል።

ዕጣው ሳይወጣ ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «እኔን መጨረሻ አድርጉኝ። ለመኪናዋ ነው፤ ሌላ ትራንስሚሽን እንዳያስወስዳት።»

የዕቁቡ ዳኛ ዋስ ሊመዘግብ ያነሣውን እስክሪብቶ መልሶ አስቀመጠ። «እንግዲያ ጋሼ፣ ለእርስዎ ዋስ መጥራት ያለብን እኛ ነን!»