ደሙ የማይረጋውን ልጅ ለመጉዳት የሚበቃ ምክር

ሐኪሞች ሄሞፊሊያ የሚሉት፣ ደም በጊዜው እንዳይረጋ የሚያደርገው ደዌ ያለበት ወንድ ልጅ በቤትህ ቢወለድ፣ እሱንም እናቱንም ለመጉዳት ሌላ ጥበብ አያስፈልግህም፤ የሰፈሩን ወሬ ብቻ ተከተል።

በመጀመሪያ፣ በስምንተኛው ቀን ተገርዞ ደሙ አልቆም ቢል፣ ዓይነ ጥላ ነው በል፤ የእናቱ ወንድም በሕፃንነቱ ሲገረዝ ደም ፈሶት እንደ ሞተ የሚያስታውሱ አያት ቢናገሩም አትስማ። የአይሁድ ሊቃውንት ግን፣ የደሙ ምሥጢር ገና ሳይገለጥ፣ የቤተ ሰቡን ታሪክ ብቻ አጢነው፣ ሁለት ወንድሞቹ በግዝረት የሞቱበት ሕፃን እንዳይገረዝ በታልሙድ ደንግገዋል።

ሁለተኛ፣ እናቱን ርጉም ማሕፀን በላት። እርስዋ ግን ሳታውቅ የተሸከመችውን አወረሰች እንጂ አልበደለችም፤ ከታማሚዎቹም ሲሶ የሚያህሉት በዘራቸው ማንም ሳይታመም የተወለዱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘርና በሩሲያው አልጋ ወራሽ በአሌክሲስ ስለ ታወቀ፣ የነገሥታት ደዌ ነው፣ እኛን አይነካም በል፤ ምንም እንኳ ዋነኛው ዓይነት በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ከ5,000 ወንዶች ልጆች አንዱን ገደማ የሚያገኝ ቢሆን።

አራተኛ፣ ጕልበቱ ድንገት አብጦ ሲግል፣ እግሩንም መዘርጋት ሲያቅተው፣ ወለምታ ነው ብለህ ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ ይሸው፤ ሕመሙ ሲጸናበትም አስፕሪን ስጠው፣ መቀመጫውንም መርፌ አስወጋው። እሽቱ በአንጓው ውስጥ የሚፈሰውን ደም ያበረታዋል፤ አስፕሪኑ መርጋትን ይበልጥ ያዳክማል፤ መርፌውም በጡንቻው ውስጥ ሌላ ደም ይቋጥራል፤ ይህም በተደጋገመ ቍጥር አንጓው እየደረቀ ልጁ አንካሳ ሆኖ ይቀራል።

አምስተኛ፣ በትንሽ ጭረት ይሞታል ብለህ ከትምህርት ቤት አስቀረው። ደሙ ግን ዘግይቶ ይቆማል እንጂ ከሌላው ሰው ደም ፈጥኖ አይፈስም፤ ቀላል ጭረት በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ቢይዙት ይቆማል፤ የሚያስፈራውስ በአንጓ፣ በጡንቻ፣ ይልቁንም በራስ ቅል ውስጥ የሚፈሰው ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት አንዱም እንዳይፈጸም ነው። ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ወንድ ልጅ ከመገረዙ በፊት የእናቱን ዘመዶች ጠይቁ፤ የሚያጠራጥር ነገር ከተሰማም ግዝረቱ ይቆይና ደሙ ይመርመር። አንጓው ባበጠ ጊዜ እግሩን አሳርፋችሁ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርጉበት፤ የጎደለው የደም ማርጊያ፣ ፋክተር 8 ወይም 9፣ በደም ሥሩ ወደሚሰጥበት ሆስፒታልም ሳትዘገዩ አድርሱት፤ መርፌ ሊወጋው ለሚመጣ ሁሉ ደግሞ፣ ገና መርፌውን ሳያነሣ፣ የልጁን ደዌ በስሙ ንገሩት።