ወይኑን ጠጥቶ ስሜቱን ላካፈለን ወዳጃችን

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብተን ማኪያቷችን ሳይቀዘቅዝ ወዳጃችን ቅዳሜ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የጠጣውን ወይን ያካፍለናል። ወይኑን አይደለም። እሱ ቅዳሜውኑ አልቋል። የሚያካፍለን ስሜቱን ነው። ስሜቱ ደግሞ ከወይኑ ይበረክታል፤ አንዷ ጠርሙስ እስከ ረቡዕ ስትወራ ትቆያለች።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉ አባቶቻችን ይህ ብልሃት ስላልደረሰላቸው አይፈረድባቸውም። ጎረቤት ጠርቶ ብርሌ የሚያዞረው፣ «በሞቴ አንድ ድገም» እያለ እንግዳ የሚያስጨንቀው ሰው ሌላ የማካፈያ መንገድ አያውቅም ነበር። በዚህ ድንቁርና የተነሳ ስንት ገንቦ ጠጅ በሰው ጉሮሮ ባክኖ ቀረ! የጽዋ ማኅበርተኞችንም ሳስባቸው ያሳዝኑኛል። ተረኛው ጠላውን ቤቱ ዘግቶ ለብቻው ጠጥቶ፣ ማኅበርተኞቹን በማግስቱ ሰብስቦ «ጌሾው ጎላ ያለ፣ አሻሮው የለሰለሰ ነበር» ብሎ ቢያሰናብታቸው ስንት ወጪ ይተርፍ ነበር።

ያለፈው ሰኞ ዘገባ እንዲህ ነበር፦ «ቀለሙ ጥልቅ ቀይ። አፍንጫ ላይ ብላክከረንት፣ የዝግባ ሳጥን፣ ትንሽ ትምባሆ፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ታኒኑ ሐር ነው።» ወዳጃችን ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ድንጋዩን እንኳ ይሁን፤ ድንጋይ አገራችን ሞልቷል። ብላክከረንቱን የት እንደበላው ስጠይቀው ግን፣ ታሞ መታመሙን ያላወቀ ሰው እንደሚታይ አየኝ።

እሱ ያደገው ከአጥር ላይ አጋም እየለቀመ፣ ከንፈሩ እስኪጠቁር እየበላ ነው። ኮሽም ጥርሱን አጥርሶታል፤ ቀጋ እጁን ቧጥጦታል። ከእነዚህ አንዳቸውም እስከ ዛሬ ብርጭቆው ውስጥ ተገኝተው አያውቁም። አይቶት የማያውቀው ብላክከረንት ግን በየሳምንቱ ይመጣል፤ ያውም ሳይጠራ። አንድ ቀን «ምናልባት አጋም አጋም አይልም?» ብዬ ደፍሬ ነበር። ማኪያቶውን አስቀምጦ «አጋም እኮ የወይን ቋንቋ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አጋም የእረኛ ቋንቋ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የቃሪያው ነገር ነው። ካበርኔ ሶቪኞን አንዳንዴ ቃሪያ ቃሪያ የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ፒራዚን የሚባሉ ውህዶች በቃሪያውም በወይኑም ውስጥ ስላሉ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ በቃሪያ ሽታ የሚታማ አይደለም፤ በዚህስ ፈረንሳዮቹን ማስተማር ይችላል። ግን ቃሪያ ከሽሮ ጎን የሚቀመጥ ነገር ነውና ወዳጃችን ሸትቶትም ቢሆን ይሰውረዋል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያስተማሩት አን ኖብል እ.ኤ.አ. በ1984 የወይን መዓዛዎችን በክብ ሠንጠረዥ ሰድረው አውጥተው ነበር። እዚያ ላይ «ግርማ ያለው» እና «የተከበረ» የሚሉ ቃላት ቦታ የላቸውም፤ አፍንጫ የሚያውቃቸው ነገሮች ብቻ ናቸው የተጻፉት። የተለኮሰ ክብሪት አለ፤ የረጠበ ውሻም አለ። ሴትዮዋ ነገሩን አምጥታችሁ ወይን ውስጥ ጨምራችሁ አሽቱ፣ ከዚያ ስሙን ጥሩ ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ ትጋት ለጀማሪ ነው። ወዳጃችን ስሙን ካወቀ ነገሩ አይቸግረውም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ቦርዶ ውስጥ ፍሬዴሪክ ብሮሼ የሚባል ተመራማሪ 54 የወይን ጥናት ተማሪዎችን ሰብስቦ ነጭ ወይን በቀለም አቅልቶ ሰጣቸው። ልጆቹ ለነጭ ወይን የሚባለውን ቃል ትተው ለቀይ የሚባለውን ይደረድሩ ጀመር። ይህን ያነሳሁለት ጊዜ ወዳጃችን ሳቀባቸው። መሳቅም ይገባዋል፤ እሱ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። በመጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ያነባል፣ ቀጥሎ ዋጋውን ያያል፣ ቡሹን የሚነቅለው የሚለውን ካወቀ በኋላ ነው። እነዚያ ምስኪኖች ግን ቀምሰው ሊናገሩ ሞከሩ።

(ወይኑ «እንዲተነፍስ» ቡሹን ነቅሎ ሰዓት መጠበቁንም ልንቅ አልፈልግም። በዚያች በሳንቲም በምትከደን አንገት ወይኑ ምን ያህል እንደሚተነፍስ እንጃ፤ እሱ ግን በደንብ ይተነፍሳል።)

የአገር ወይንም አይንቅም፤ ሐሰት አልናገርም። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ባቱ፣ በቀድሞዋ ዝዋይ፣ የተከለው ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጥቷል። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይዘልቁት እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ከጉማሬ የተረፈ ወይን! እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ጠርሙስ የጠጣ ሰው ምን የማይናገር አለ? ወዳጃችን ጠጥቶት መጣና «ቦርዶን አስታወሰኝ» አለን። ቦርዶን በካርታ ነው የሚያውቃት። ባቱ ግን አብረን ወርደን ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተን፣ እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት እንጀራ ያጎረስነው እኛ ነን። ያንን አላስታወሰውም።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ደመወዛችን ከቤት ኪራይ የማያልፍበት ዘመን ነበር። አንድ ጠርሙስ ጉደር ለአራት አዋጥተን ገዝተን፣ በኮካ በርዘን፣ እጀታው በተሰበረ የሻይ ኩባያ ሳይቀር እንጠጣ ነበር። አፍንጫ ላይ ምን እንደነበረው የጠየቀ የለም። ወዳጃችንም ስሜቱን አላካፈለንም። ኩባያውን ሲያቀብለን «ቶሎ በል፣ ሌላውም ይጠጣ» ነበር የሚለው።

ባለፈው ሰኞ ታዲያ ውለታ እንዳይበዛብኝ እኔም ለማካፈል ቆረጥኩ። እሑድ እናቴ ዶሮ ሠርታ ነበር። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ጀመርኩ፦ «ቀለሙ ጥልቅ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ቅቤ። አፍንጫ ላይ ኮረሪማ፤ ቀጥሎ ሲቁላላ ያደረ ሽንኩርት። አካሉ ሙሉ ነው። በርበሬው መጀመሪያ ዝም ይልና…»

«ኧረ ተው እባክህ!» አለ ወዳጃችን ምራቁን ውጦ። «ዶሮ ወጥ ይበላል እንጂ እንዲህ ይወራል? የታል ምሳ ዕቃህ?»

ከፍቼ አሳየሁት። ታጥቦ ነበር።