«የመጨረሻውን ንገረኝ!»

በዋጋ ክርክር ሐበሻን የሚረታ ሕዝብ ገና አልተወለደም። አትክልት ተራ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ልንገዛ ሄደን ሻጩን በእናቱ እናስምለዋለን፣ ልጅነቱን እናነሳበታለን፣ «እዚያ ማዶ በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ» ብለን ያላየነውን ሻጭ ምስክር እንጠራለን። «የመጨረሻውን ንገረኝ» እንላለን፤ የመጨረሻውን ሲነግረን ደግሞ እንደ መጀመሪያ ዋጋ ቆጥረነው እንደ አዲስ እንጀምራለን። ሁለት ብር ያስቀነሰ አባወራ ማታ ራት ላይ ነገሩን ደግሞ ደጋግሞ ያወራዋል። ሚስቱ ታዲያ አንድ ብቻ ትጠይቀዋለች፦ «ግማሹ የበሰበሰ መሆኑን አይተሃል?»

ይህ ሁሉ ወኔ አንድ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ባርኔጣውን ያወልቃል። የስልክ ኩባንያ ደጃፍ ላይ። እዚያ አንጮህም፣ አናስምልም፣ ወጣ ብለን እስኪጠሩን አንጠብቅም። የተለጠፈውን ዋጋ አንብበን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን ከፍለን እንወጣለን። እኔ ይህን ጨዋነት ከልቤ ላመሰግን ተነስቻለሁ።

በእርግጥ ከወገኖቻችን መካከል ከስልክ ኩባንያ ጋር የሚከራከሩ አሉ። እነሱ ለንደን ናቸው። ስልክ የሚይዙት በውል ነው፤ ለሃያ አራት ወር ይፈርማሉ። ውሉ ሊያልቅ ሲል ወደ 65075 «ፓክ» ብለው ይልካሉ፤ ቁጥራቸውን ይዘው ወደ ሌላ ኩባንያ የሚሻገሩበት ኮድ ወዲያው ይመጣላቸዋል። ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ እንዲህ እንዲሆን ደንቡ ያስገድዳል። ኮዱ ከደረሳቸው በኋላ ደግሞ ለሁለት ዓመት ትዝ ብለውት የማያውቁት ኩባንያ ስልኩን አንስቶ ያባብላቸዋል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተቀመጠ ክፍል አለው፤ የሚሄድን ደንበኛ የሚለምን። ዘመዶቻችን በወር ሦስት ፓውንድ ያስቀንሱና ቪዲዮ ደውለው ያበስሩናል። ሲፈርሙ ግን ዋጋው በውሉ መሃል ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ ሽቅብ እንደሚወጣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። ያንን የሚከራከርላቸው ስለጠፋ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ራሱ ገባና እ.ኤ.አ. ከጥር 17 ቀን 2025 ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች ላይ ከለከለው። ዛሬ ጭማሪው በፓውንድና በፔንስ ተቆርጦ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። መጨመሩ አልቀረም፤ መጠኑን አውቀው ይጠብቁታል።

እኛ ሶማሊላንድ፣ ሐርጌሳ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም። የምኖረው አሕመድ ዳጋህ ከሚባለው የከተማዋ ክፍል ነው። እዚህ ሰፈር የሱቁን ስም ከማንበብህ በፊት በግድግዳው ላይ በትልልቁ የተጻፈውን የስልክ ቁጥር ታነባለህ፤ በዚያ ቁጥር ትከፍላለህና። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 «ዛድ» የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ከጀመረ ወዲህ፣ የሐዋላው ዳሃብሺል ቤተሰብ የሆነው ተፎካካሪው ሶምቴልም «ኢ-ዳሃብ»ን ካስከተለ ወዲህ፣ ዶላሩ የሚኖረው ስልክ ውስጥ ነው። የሶማሊላንድ ሽልንግ በመንገድ ዳር እንደ ጡብ ተከምሮ ይታያል፤ የሚሰርቀው የለም፤ ሊሸከመው የሚፈልግ ሌባ ስላልተገኘ ይመስለኛል። ከኢትዮጵያ በየቀኑ ተጭኖ የሚመጣውን ጫት የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ቁጥሯን አስጽፋ ተቀምጣለች።

ታዲያ ለብዙ ዓመታት የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ መደወል አይችልም ነበር። ስለዚህ ራሱን የሚያከብር ነጋዴ ሁለት ስልክ መያዝ ልማዱ ሆነ፤ አንዱ በግራ ኪስ፣ አንዱ በቀኝ። የዋጋ ክርክር ሀሁ «ሌላ ጋ እሄዳለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግን ወደ ሌላው ቀድመህ ሄደሃል፤ ሌላው በግራ ኪስህ እየጠራ ነው። ሁለቱም አገኙህ፤ ማንን በማን ታስፈራራለህ? ጥለህ እሄዳለሁ ብትልስ ገንዘብህ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ቦርሳህን ባለሱቁ ጋ አስቀምጠህ «ካልቀነስክልኝ እሄዳለሁ» ማለት ነው። ባለሱቁ «በሰላም ያግባህ» ይልሃል።

ይህ የገባኝ በሰፈራችን ምግብ ቤት ያላቸውን አንዲት እናት ስልክ ሊገዙ ሲሄዱ በተከተልኳቸው ቀን ነው። ስማቸውን ብጽፍ ስለሚቆጡኝ እትዬ ብቻ ልበላቸው። ጤፍ ከደላላ ሲገዙ ያያቸው ሰው የንግድ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። መደርደሪያው ላይ ያዩትን ያገለገለ ሳምሰንግ አነሱና ገላበጡት፤ ካሜራውን በትንፋሻቸው እፍ ብለው በነጠላቸው ወለወሉት፤ የቻርጀሩን ቀዳዳ ወደ ፀሐይ አዙረው እንደ ሐኪም አዩት።

«ዋ ኢሚሳ?» አሉ በሶማሊኛ፤ ስንት ነው ማለታቸው ነው።

«ዘጠና አምስት ዶላር፣ ኤዶ» አለ ሻጩ ልጅ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ጅግጅጋ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል።

«በስልሳ ስጠኝ።»

«በስልሳ ካርቶኑን ውሰጂው።»

«ካርቶኑም የለው! ውሃ የገባበት ነው ይሄ።»

«ወላሂ ውሃ አልነካውም።»

«እናትህ ትሙት በል።»

«ኤዶ፣ እናቴን ተያት፣ ሰማንያ አምስት።»

እትዬ ስልኩን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሄዱ። እስከ ጥጉ ድረስ አልዞሩም። ልጁ ጠራቸው። በሰማንያ አንድ፣ ከቨሩም ስክሪን ፕሮቴክተሩም በነጻ ተጨምሮ፣ ነገሩ አለቀ። እጅ ተጨባበጡ፣ ስለ ጅግጅጋ ዝናብ ተጨዋወቱ፣ ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ተለያዩ።

ከዚያ ሲሙን ከተቱ። የኢንተርኔት ጥቅል ያስፈልጋቸዋል። ዝርዝሩ መጣ፤ እትዬ ሳያነቡ የመጀመሪያውን ነክተው ከፈሉ። ውሎ አድሮ ከስልኩ ዋጋ የሚበልጠው ገንዘብ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። «እትዬ፣ እዚህ ላይስ ለምን አልተከራከሩም?» አልኳቸው።

«ከማን ጋር ልከራከር?» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ሞክረዋል። የሞሉት ሂሳብ የገባበት ጠፍቶባቸው ወደ ኩባንያው ደወሉ። የተቀዳችው ሴትዮ በሚያምር ድምፅ ተቀበለቻቸው። እትዬ ሰላምታ ሰጧት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቋት፣ «እኔ እኮ የቆየሁ ደንበኛችሁ ነኝ፣ የእኔ እመቤት» አሏት። እሷም ለሶማሊኛ አንድን ይጫኑ አለቻቸው።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በእኛ አትሳቁ። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ስልክ አስገብተው ይኸው 130 ዓመት አለፈው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ቴሌ ፊት ቆሞ «ቀንስ» ያለና የተቀነሰለት አንድ ደንበኛ ታሪክ አልመዘገበም። ከምርጫ 97 በኋላ አጭር የጽሑፍ መልዕክት ከሁለት ዓመት በላይ ሲዘጋ ዝም አልን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ሲማችንን በኪሳችን ይዘን ቆየን፤ ጥሩ ደንበኛ በደህናም በክፉም ቀን ይታወቃል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ነሐሴ 2010 ነው። ያኔ ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ቀነሰ። እልል አልን። አሁን እስቲ ነገሩን ወደ አትክልት ተራ እንውሰደው። ሽንኩርት ሻጩ ሳንለምነው ድንገት ተነስቶ ዋጋውን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቢቀንስ ምን እንለዋለን? «አንተ ሌባ፣ እስከ ትናንት ስትዘርፈን ኖረሃል!» ብለን ሚዛኑን እንገለብጣለን። ቴሌን ግን አመሰገንን። ያ 43 በመቶ እስከዚያ ድረስ የት ሲቀመጥ እንደነበር መጠየቅ ነውር መሰለን።

ከዚያ ተፎካካሪ መጣ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ጀመረ። አሁን ገና አገኘናቸው፣ ሁለቱን እያፎካከርን እናስለቅሳቸዋለን አልን። ያደረግነው ግን ሐርጌሳዎች ያደረጉትን ነው፤ ሁለት ሲም ገዛን። በ09 እየደወልን በ07 ኢንተርኔት እንጠቀማለን፤ ለሁለቱም እየከፈልን ሁለቱንም የበለጥናቸው ይመስለናል።

እውነተኛ ክርክር ያደረግነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ሳናውቀው። በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አሥር በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ቀረበ፤ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ መግዣ 33 አክሲዮን። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ ማለት ነው፤ ልክ እንደ እትዬ። ግን ሻጩ ከኋላ አልጠራንም። እንዲያውም እኛ አክሲዮኑን እያሰብን ሳለን፣ ከሽያጩ ጥቂት ቀደም ብሎ የታሪፍ ማስተካከያ አድርጎ ነበር። ወደ ታች እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ያ ሁሉ የክርክር ችሎታችን ባከነ? የለም። ወደ ውስጥ ዞረ። ማታ ማታ *999# ደውላችሁ ዝርዝሩ ሲመጣ የሚሆነውን አስቡት። የወሩን ጥቅል ታያላችሁ፤ ትጓጓላችሁ። «ተው፣ ወሩ ገና ነው» ትላላችሁ ለራሳችሁ፤ ወደ ሳምንቱ ትወርዳላችሁ። «ሳምንቱን ሙሉ ምን ልትሠራ?» ወደ ዕለቱ። «አሁን ከሥራ በኋላ ስንት ሰዓት ቀረህ?» ወደ ሌሊቱ ጥቅል ትወርዱና እንቅልፋችሁን ጨምራችሁ ትሸጣላችሁ። ሻጩም ገዢውም እናንተው ናችሁ፤ ያስቀነሳችሁት ከራሳችሁ ፍላጎት ላይ ነው። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም፤ እናንተ ግን በርካሽ በመግዛታችሁ ረክታችሁ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጥቅሉ ሳያልቅ እንዳይቀር ብላችሁ፣ የማትወዱትን ፊልም ታያላችሁ።

የተረፈውን ወኔ ደግሞ እርስ በርሳችን እንጨርሰዋለን። ሚስኮል ማለቴ ነው። አንዱ ደውሎ ይዘጋል፤ ሌላውም ደውሎ ይዘጋል። መጀመሪያ ሳይዘጋ እስኪነሳለት የጠበቀ ተሸነፈ። አጎት ከገጠር ሚስኮል ካደረገ የሚከፍለው ከተሜው ነው፤ እጮኛ ካደረገች እጮኛው፤ አለቃ ካደረገ ግን ነገሩ አሻሚ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ትዳር ሳይቀር ሲናጋ አይቻለሁ። ኩባንያው ይህን አይቶ ራራልንና በ*807* «ይደውሉልኝ» የሚል መልዕክት በነጻ የምንልክበትን አዘጋጀልን። ሁለት ድሆች ማን ይክፈል እያሉ ሲገፋፉ፣ ከሁለቱ አንዱ መክፈሉ እንደማይቀር የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው መድረኩን በነጻ ቢያቀርብ ምን ይጎዳዋል?

ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ነገሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር ሆኖ ስማርት ስልክ በዱቤ መስጠት ጀመረ፤ መነሻ ከፍለህ ከዚያ በቀን 20 ሽልንግ። ክፍያው የተዛባበት ስልክ ራሱን ይቆልፋል። የሚለምኑት ሰው የለም፣ «እስከ ደመወዝ ታገሰኝ» የሚባል ነገር የለም፤ ዕቃው ራሱ ባለዕዳውን ያስራል። እኛ አገር ባለሱቅ ዱቤ ሲዘገይበት ቢያንስ በልጃችን ይልክብናል፣ እኛም የለም አስብለን እንሸኘዋለን።

ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው። ካነሳሁት አይቀር አንድ ሐሳብም አቀረብኩ፤ ፍትሕ ከሆነ ቁልፉ ለሁለቱም ወገን ይሰጥ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቀን እኛም ክፍያችንን የምንቆልፍበት አንድ ቁጥር ይኑረን። ኮከብ፣ የሆነ ነገር፣ መሰላል፤ ተቆለፈ። እስኪመጣ ድረስ አንከፍልም።

እትዬ እንጀራውን ከምጣዱ አውጥተው ሰፌዱ ላይ ዘረጉት፤ በጣም ነው የወደዱት ሐሳቡን።

«የዕለቱ ስንት ነው? የወሩስ?» አሉኝ።